አባባ ለቡችላ ሲንበረከክ

እማዬ፣ የኔ እናት፣

ከተለየሽን ሁለተኛው የበልግ ዝናብ ገባ። አምና መቃብርሽ ላይ የተከልኩት አበባ ውሃ በዝቶበት በሰበሰ፤ ዘንድሮ ምንም ሳልተክል ሣሩ ራሱ ሸፍኖሻል። ይህን የምጽፍልሽ ናፍቆቴን ልነግርሽ ብቻ እንዳይመስልሽ። ናፍቆቱማ አለ፣ የትም አይሄድም። ዛሬ ግን ብዕር ያነሳሁት ተናድጄ ነው። የተናደድኩበትን ሰው ታውቂዋለሽ። በከፊልም አንቺው ነሽ። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጓሮው አቮካዶ ፍሬ በዝቶበት አንዱ ቅርንጫፍ ተገነጠለ። ገበያ ውስጥ አንቺ ትቀመጪበት በነበረው ቦታ አሁን ከገዘር የምትመጣ አንዲት ወጣት ሴት ኮረሪማ ትሸጣለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ። አባባ ጡረታ ወጣ። ያን ሁሉ ዘመን የመንግሥት መኪና ሲነዳ፣ ፊልድ ነኝ እያለ፣ አንዴ ካንጋተን አንዴ ኦሞራቴ ሲያድር የኖረው ሰው፣ ዛሬ ከጠዋት እስከ ማታ ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል። እኔ ኮፒ ቤት ተቀጥሬአለሁ፤ የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ። ካምፓስ ያቋረጥኩት ትምህርት እንዳቋረጥኩት ነበር፣ እስካለፈው ወር ድረስ።

ያንቺ ክፍል ባዶ ነው። አልጋሽን ቤተክርስቲያን ለሌላ በሽተኛ ወሰደችው። አንሶላዎችሽን ግን አልሰጠሁም። አጥቤ፣ አጣጥፌ፣ በጆንያ አድርጌ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቅዬአቸው ነበር። ያን ያህል ጊዜ ያጠብኩትን ነገር ለሰው መስጠት አልሆንልኝ አለ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በበጋው መጨረሻ የአባባ የድሮ የሥራ ባልደረባ ከካንጋተን ሲመጣ በካርቶን አንዲት ቡችላ ይዞለት መጣ። ሰፈራችን ሌባ በዝቷል፤ ስታድግ ትጠብቅሃለች ብሎ ነው። ቡናማ ናት፣ ደረቷ ላይ ነጭ ነገር አላት፣ ሆዷ ከእግሯ ይበልጣል። አባባ ቡቺ ብሎ ጠራት። አንቺ ዶሮ እንኳ ደጃፉን ስትረግጥ መጥረጊያ ታነሺ ነበር። እሱ ግን «እስክትጠነክር ነው» ብሎ ካርቶኗን ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው አጠገብ አስቀመጠው።

ችግሩ ሽንቷ ነበር። ከካርቶኗ ወጥታ ገና ሳትራመድ ቁጢጥ ትላለች። ምንጣፉ ላይ፣ በሩ ሥር፣ የአባባ ጫማ ውስጥ። ጠርገን ዞር ስንል ሌላ ቦታ ላይ ደግማለች። መጀመሪያ ሕፃን ናት፣ ቡችላ ሁሉ እንዲህ ነው አልን። እየቆየ ግን ባሰባት። ቁጢጥ ብላ ብዙ ትቆይና ጠብታ ብቻ ይወጣታል፤ ቀጭን ድምፅ እያሰማች ታቃስታለች፤ ከዚያ ጥግ ይዛ ራሷን ትልሳለች። ቤቱ ደግሞ ያ ሽታ ሸተተ። አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝና እግሬ ራሱ ወደ ክፍልሽ ሄደ። ግማሽ መንገድ ላይ ነው የነቃሁት።

መቼም የኔ ሥራ ነው ብዬ ጨርቅና ባልዲ ይዤ መጣሁ። ሽንት የሚያጥብ ሰው በዚህ ቤት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማን አለ? አባባ ግን ጨርቁን ከእጄ ወሰደና «ተይው፣ እኔ አለሁ» አለኝ።

ከዚያ ተንበረከከ። እማ፣ አባባ ተንበረከከ። በጸሎት ሰዓት እንኳ ጉልበቴን ያመኛል ብሎ ወንበር ላይ የሚቀረው ሰውዬ፣ መሬት ላይ በጉልበቱ ሄዶ የሶፋውን ሥር ሲጠርግ፣ ጨርቁን ሲጨምቅ፣ እንደገና ሲጠርግ አየሁት። ፊቱን አላጨማደደም። አፍንጫውን አልያዘም። እኔ ባልዲው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተቀጣጠለ፤ እስካሁንም አልጠፋም።

አንቺ ታስታውሺያለሽ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ኮረሪማ እየሰፈርሽ ሳለ ግራ እጅሽ አልታዘዝ አለሽና ጣሳው ወደቀ። ሰዎች በባጃጅ ሆስፒታል አደረሱሽ። ስትሮክ ነው ተባለ። ከዚያች ቀን ወዲያ ግራ ጎንሽ አልተመለሰም፣ ሽንትሽንም መያዝ አቃተሽ። እኔ ካምፓስ ነበርኩ። አባባ ደውሎ «እናትሽ አንቺን ትፈልጋለች» አለኝ። ዊዝድሮው ሞልቼ፣ ትምህርቱን አቋርጬ መጣሁ። «አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው» ብዬሽ ነበር፤ አንቺም በደህናው እጅሽ ፀጉሬን ነካሽኝ።

ገበያ ስትወጪ ነጠላሽ ሳይተኮስ ከደጅ የማትረግጪ ሴት ነበርሽ። ያቺን ሴት በየጊዜው እየገለበጥኩ ማጠብ እኔ ስጀምር አላውቅበትም ነበር። እጅሽን አሳምሜብሻለሁ፣ ውሃውን አቀዝቅዤብሻለሁ። እየቆየ ለመድኩት። አንድ ቀን ሳፋው ተገልብጦ ሁለታችንም ከላይ እስከ ታች ስንረጥብ ምን ያህል እንደ ሳቅን ታስታውሺያለሽ? ከታመምሽ ወዲህ እንዲያ ስትስቂ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አፍሽ በአንድ በኩል ብቻ ይስቅ ነበር፤ ለኔ ግን ሙሉ ሳቅ ነበር።

አባባ በር ላይ ይቆማል። «እንዴት አደረች?» ይላል። የሚጠይቀው አንቺን አይደለም፣ እኔን ነው፣ እዚያው አንቺ እየሰማሽ። ከዚያ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። ቆየት ብሎ እንቅልፍ አጣሁ አለና ፍራሹን ጠቅልሎ ሰርቪስ ቤቱ ገባ። ፖፖሽን አንድ ቀን አንስቶ ደፍቶ አያውቅም። አንዴ ሳሙና ልገዛ ወጥቼ ዝናብ ያዘኝ፤ ስመለስ ረጥበሽ፣ ብርድ እያንቀጠቀጠሽ አገኘሁሽ። እሱ በረንዳው ላይ ሬዲዮ ያዳምጣል። ለምን አልደወልክልኝም ብለው «መምጫሽ ደርሷል ብዬ ነው» አለኝ።

ውሃ መጠጣት የተውሽው ከዚያ በኋላ ነው። ኩባያውን ሳቀርብልሽ ከንፈርሽን ትገጥሚያለሽ፣ «አልጠማኝም» ትያለሽ። ጠምቶሽ ነበር፤ ከንፈርሽ ተሰነጣጥቆ ነበር። አንሶላ እንዳይበዛብኝ ብለሽ ነው። ሐኪሙ ውሃ ለምን አትጠጣም ብሎ ሲጠይቀኝ አንቺ ወደ ግድግዳው ዞርሽ፤ ያኔ ገባኝ። ልጄን ላሳርፋት ብለሽ በጥም ተቃጠልሽ። እሱ ይህን አያውቅም። በር ላይ የሚቆም ሰው እንዴት ያውቃል?

እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንድ ጠዋት ቡቺን ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ «አብረሽኝ ነይ፣ ጆሮዬ አይሰማም፣ ሐኪሟ የምትለውን አንቺ ትነግሪኛለሽ» ያለኝ። ከኮፒ ቤቱ አስፈቅጄ ሄድኩ። ባጃጅ ውስጥ ቡቺ ሸናችበት። ለእሁድ የሚለብሰው ጃኬት ነው። ወደ ታች አየና በእጁ መዳፍ ጭንቅላቷን ሸፍኖ «አይዞሽ» አላት። «አይዞሽ፣ ደርሰናል።»

ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ። ያን ቃል ከአፉ የምሰማበትን ቀን በር በሩን እያየሁ ስንት ጊዜ ጠብቄያለሁ፣ እማ።

እንስሳት ክሊኒኩ ውስጥ ፍየል የያዙ፣ ላም የሚጎትቱ ሰዎች ነበሩ። ቡችላ ታቅፎ የመጣ ሽማግሌ ሲያዩ ሳቁ። እሱ አልሰማም፣ ወይም አልሰማሁም አለ። ሐኪሟ ወጣት ናት። የቡቺን ሆድ ዳብሳ «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትሸናው?» አለችው።

«ከመጣች ጀምሮ ነው ዶክተር። አሁን ግን ያማታል። ስትሸና ታለቅሳለች።»

«ሽንቷን ማየት አለብኝ አባቴ። ንጹሕ ክዳን ልስጥዎት፤ ከኋላዋ ይከተሏትና ቁጢጥ ስትል ከሥር ያስገቡላት።»

እንግዲህ አስቢው። አባባ በዚያ ግቢ ሣር ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በእጁ የፕላስቲክ ክዳን ይዞ፣ ቡችላ ሲከተል። እሷ ስትቆም ይቆማል። ቁጢጥ ስትል ክዳኑን ሲዘረጋላት ትሸሻለች። ባለ ፍየሎቹ «በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል!» እያሉ ይመሩታል። በመጨረሻ ትንሽ ያዘላትና እንዳይደፋበት በሁለት እጁ ይዞ እንደ ትልቅ ነገር አመጣው። ላብ አጥምቆት ፈገግ ብሏል። ያንቺ ፖፖ ከአልጋሽ ሥር እስከ ሽንት ቤት ድረስ ያለው መንገድ ምን ያህል ነው? ያ ሰውዬ መሄድ አቅቶት የኖረው ያንን መንገድ ነው።

ሐኪሟ የሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን ነው አለች። መድኃኒት ጻፈችና ለእኔ ጮክ ብላ አስረዳችኝ፤ እኔ ለእሱ ደገምኩለት። ተሽሏታል ብለው መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ። ከእንቅልፏ ስትነሳና ከበላች በኋላ ወዲያው ወደ ውጭ ያውጧት። «ደግሞ ውሃ እንዳትከለክሏት» አለች። «ሰው ሽንቷ እንዲቀንስ ብሎ ውሃ ይነሳታል፤ ይብስባታል። እንዳትቆጧትም። ታመመች እንጂ ያጠፋችው ነገር የለም።»

ይህን ቀስ ብዬ ደገምኩለት። «ምን አለች?» አለኝ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ። «ያጠፋችው ነገር የለም አለች» አልኩት እየጮህኩ። ግቢው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ላንቺ እንዲህ ብሎ የነገረሽ ሰው አልነበረም። አንሶላውን በለወጥኩ ቁጥር «ይቅር በይኝ» ትይኝ ነበር፤ እኔም «ምንም አይደል» እልሽ ነበር እንጂ፣ ያጠፋሽው ነገር የለም ማለት አልመጣልኝም።

ቤት ከገባን በኋላ አባባ ሌላ ሰው ሆነ። ስልኩ ላይ አላርም አስሞላኝ፤ የመድኃኒቱ፣ የመውጫዋ። ክኒኑን ሥጋ ውስጥ ደብቆ ያጎርሳታል። የውሃ ዕቃዋን ሲጎድል ይሞላል። አቮካዶው ሥር አውጥቷት ቆሞ ይጠብቃል፤ ዝናብ ቢሆንም ላስቲክ ተከናንቦ ይጠብቃል። ስትሸና «ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ልጅ!» ይላታል። እኔ በመስኮት አየዋለሁ። ሰው ሲራራ እያዩ መጥላት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ያኔ አወቅሁት። ክፉ ነገር ቢሠራ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እትዬ አስቴር በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤታችን እትዬ አስቴር እንደምታውቂያት ናት፣ አንደበቷ አላረፈም። አባባ ከእግሯ ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የቡቺን ካርቶን ያነጥፋል። ጨርቅ እየቀደደ ነው። ሰማያዊ አበባ ያለበት ጨርቅ።

አንሶላሽ ነው። ጆንያውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርዶ ፈቶታል።

«አየሽልኝ አባትሽን?» አለችኝ እትዬ አስቴር። «ለውሻ እንዲህ የሚሆን! እንዲህ ያለ አንጀት ያለው ወንድ የት ይገኛል?»

«ለሰውስ፣ እትዬ አስቴር?» አልኳት። «ለሰው ሲሆን አንጀቱ የት ሄዶ ነበር?»

ነጠላዋን ሰበሰበች። ከዚያ ወጥ ጥጄ መጥቻለሁ ብላ ተነሳች። በሩ እስኪዘጋ ጠበቅሁ። አባባ አንሶላውን ጭኑ ላይ አድርጎ ቀና ብሎ ያየኛል።

«የእማ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። አሮጌ ስለሆነ...»

«ስንት ጊዜ እንዳጠብኩት ታውቃለህ? ይህን አበባ ዓይኔን ጨፍኜ ልስለው እችላለሁ። እሷ ስትረጥብ የት ነበርክ አባባ? ፖፖዋን ለማንሳት ያልታጠፈ ጉልበት ለቡችላ ከየት መጣ? ለእሷ አንድ ቀን አይዞሽ ብለሃታል?»

ቡቺ ጩኸቴን ፈርታ እዚያው በረንዳው ላይ ሸናች። አባባ በያዘው ጨርቅ ሊጠርግ እጁን ሲሰድ አንሶላውን ነጠቅሁት። ባዶ እጁን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፤

«እናትሽ ናት አትግባ ያለችኝ።»

«ውሸት ነው።»

«ከሆስፒታል በመጣች ሰሞን ነው። አንቺ ገና አልመጣሽም። ረጥባ አገኘኋት፣ ልለውጥላት ገባሁ። አንሶላውን ስገልጥ በደህናው እጇ ገፋችኝ። አንተ እንዲህ ሆኜ አትየኝ አለች። ልጄን ጥራልኝ፣ አንተ ግን አትግባ አለች። አለቀሰች። ወጣሁ።»

ክፍልሽ ገብቼ አልጋሽ የነበረበት ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ውሸት ነው፣ ውሸት ነው አልኩ ለራሴ። በቆየሁ ቁጥር ግን ነገሩ እየመጣ ይገጥምልኝ ጀመር። ሁልጊዜ «በሩን ዝጊው» ትይኝ ነበር፤ እኔ በርዶሽ ነው ብዬ ብርድ ልብስ እጨምርልሽ ነበር። የመኪናውን ድምፅ ስትሰሚ ሻሽሽን በአንድ እጅሽ ለማስተካከል ትታገዪ ነበር። በር ላይ ሲቆም ዓይንሽን ጨፍነሽ የተኛሽ ትመስዪ ነበር፤ ሲሄድ ትገልጪዋለሽ። እኔ ተቀይመሽው ነው ብዬ ነበር። አንቺን ወክዬም እኔ ተቀየምኩት።

እውነት ነው፣ እማ? ይህን ነው ልጠይቅሽ የፈለግሁት። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለም። እውነት ከሆነ ለምን አልነገርሽኝም? በሁለታችሁ መካከል የተደረገ ውል ነበር፤ እኔ ሳልጠየቅ ገባሁበት። አንቺ ክብርሽን ከእሱ ዓይን ጠበቅሽ፣ የጠበቅሽው ግን በእኔ ጀርባ ነው። እኔ ዓይን አልነበረኝም? እኔን አታፍሪም ነበር? ታፍሪ እንደነበር አውቃለሁ። ግን ሴት ልጅ ነኝና የኔ ማየት እንደ ማየት አልተቆጠረም።

ያንን ሌሊት አልተኛሁም ብዬ አልዋሽሽም፣ ተኝቻለሁ። ጠዋት ስነሳ ግን አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ጠርቶ ነበር። አባባ በረንዳው ላይ ነበር፣ ቡቺ በእግሮቹ መሃል። ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«እኔንም ከልክላኛለች» አልኩት። «አትንኪኝ፣ ተይኝ ልሙት ብላኛለች። አንዴ ኩባያ ወርውራ ትከሻዬን መታችኝ። እኔ ግን ገባሁ። ገፍታኝ ገባሁ፣ ሰድባኝ ገባሁ። ከዚያ ተወችኝ። አንተ አንዴ ተገፍተህ ዓመታት ውጭ ቀረህ። ለምን ተመልሰህ አልገባህም?»

አልሰማኝም ብዬ ልደግምለት ስል ነው የተናገረው።

«እፎይ አልኩ።»

«ምን?»

«ስትከለክለኝ እፎይ አልኩ። ወጥቼ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩና እፎይ አልኩ። እንደዚያ ሆና ማየት አልቻልኩም ነበር። ከዚያ በኋላ እሷ ናት የከለከለችኝ እያልኩ ኖርኩ። ስትሞትም እንደዚያው አልኩ።»

«ታዲያ ለዚህችስ?»

ወደ ቡቺ አየ። «ይህቺ ማን እንደ ነበርኩ አታውቅም። አታፍረኝም። እኔም አላፍራትም።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አላለኝም። ቢለኝም የምሰጠው ይቅርታ አልነበረኝም። ቁርስህ ድስቱ ውስጥ አለ ብዬው ወደ ሥራ ሄድኩ። መንገዱን በሙሉ አለቀስኩ፤ ባጃጅ ነጂው ሰው ሞቶብኝ መስሎት ነፍስ ይማር አለኝ። አሜን አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አሳጥሬ ልንገርሽ። የተቀደደውን አንሶላ መልሼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። «አንጥፍላት። ማጠቡ ግን ያንተ ነው» አልኩት። ያጥባል። በሳፋ ነክሮ፣ በእጁ አሽቶ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያይበት አጥር ላይ ያሰጣዋል። አጨማመቁ አያምርም፣ ውሃው ይንጠባጠባል። አላርመውም። አንዳንድ ቀን ሲያጥብ ይቆምና እጁ ውሃው ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ምን እንደሚያስብ አልጠይቀውም።

ቡቺ ዳነች። መድኃኒቱ እስኪያልቅ ድረስ አንድም አላሳለፈባትም። አሁን እንደ ማንኛውም ውሻ ወጥታ ሸንታ ትመለሳለች፤ አቮካዶው ሥር ከሳንቃ በሠራላት ቤት ታድራለች። እኔ እስከዚያ ድረስ በእጄ ነክቻት አላውቅም ነበር። መድኃኒቷ ገና ሳያልቅ አንድ ቀን ግን አባባ ለቀብር ገዘር ወርዶ ክኒኗን እኔ መስጠት ነበረብኝ። አጎረስኳት፣ አወጣኋት፣ ሣሩ ላይ ጠበቅኋት። ሸናች። ጎበዝ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። ጭንቅላቷን ግን አንዴ ነካሁት። እሷ ምን አደረገችኝ?

ካምፓስ ተመልሰሽ ግቢ ተብያለሁ። ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ። ለአባባ ስነግረው መጀመሪያ ያለው «ምግቡስ?» ነው። «ትለምደዋለህ። የባሰ ነገር ለምደሃል» አልኩት። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ቦርሳዬን አጥቦ ሊያስጠግንልኝ ይዞት ወጣ። ይህ ሁሉ ነገር አያቀራርበንም፣ እማ። ባንድ ቤት እንበላለን፣ እንጸልያለን፣ ዝም እንባባላለን። ለእሱ ያለኝ ነገር ይቅርታ አይደለም። ከበሩ ለምን እንደ ቀረ አሁን አውቃለሁ፤ ማወቄ ንዴቴን አልቀነሰልኝም፣ ቦታውን ብቻ አሳየኝ።

ላንቺም ገና አልጨረስኩም። ቤተክርስቲያን ውስጥ ስምሽ ሲነሳ በሰላም አንቀላፋች ይላሉ፣ አንድም ቀን አላማረረችም ይላሉ። ማማረርሽን እኔ ሰምቻለሁ። በአሪኛ ስትራገሚ፣ እግዚአብሔርን ለምን ብለሽ ስትጠይቂ፣ ኩባያ ስትወረውሪ ነበርኩ። ከእነሱ ጋር አሜን አልልም። ያቺ የሚሏት ሴት ቆንጆ ናት፣ እኔ ግን አላውቃትም። እኔ የማውቃት የተቆጣችውን፣ የተጠማችውን፣ ያፈረችውን፣ በግማሽ አፏ የሳቀችውን ነው። አንድ ቀን ልጅ ብወልድ የምነግረው ስለዚህችኛዋ ነው። እኔም ብታመም፣ በሩ ላይ የሚቆም ሰው ካለ፣ ብፈራም ባፍርም ግባ እለዋለሁ። ይህን ካንቺ ነው የተማርኩት፤ አንቺ ሳትፈልጊ።

እንዳልረሳሽ አትስጊ። አንዱን እጄን ከትከሻሽ ሥር፣ ሌላውን ከጉልበትሽ ሥር አድርጌ ስገለብጥሽ ትንፋሽሽ አንገቴ ላይ ይመጣ ነበር። ድምፅሽን ሌሎች ያስታውሱት፣ ኮረሪማሽንም ገበያው ያስታውሰው። ክብደትሽን የሚያውቁት ግን እነዚህ እጆቼ ብቻ ናቸው። እስካሉ ድረስ ይሸከሙሻል።

ልጅሽ
ምሕረት፣ ጂንካ